ልጄ የፈረመችው ሊዝ እና የኔዋ ሰባት

ፎርም አልፈራም። ሌላ የምፈራው ሞልቷል፤ ሚስቴን እፈራለሁ፣ ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ የቤልትዌይን፣ ትራፊክ እፈራለሁ፣ የጥርስ ሐኪም ደግሞ ከሁለቱም አስበልጬ እፈራለሁ። ፎርም ግን ወዳጄ ነው። አዲስ አበባ መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሰው ፎርም ተሰጥቶት ላብ በላብ ሲሆን እኔ "እስቲ ወዲህ በለው" የምል ሰው ነበርኩ። እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ እንጀራዬ የሆቴል ሻትል፣ የእንግዳ ማመላለሻ፣ መንዳት ቢሆንም፣ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ፎርም የቸገረው ሐበሻ የሚደውለው ለኔ ነው። የኢንሹራንስ ይሁን የትምህርት ቤት፣ ከፊርማው በቀር ሁሉንም እሞላለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ግን ቀጥሎ ለሚመጣው ውርደት እንድትዘጋጁ ብዬ ነው።

ሰው ፎርም ላይ የሚሰናከለው ሁልጊዜ የልደት ቀኑ ጋ ሲደርስ ነው። የኛን ዘመን ወደ ፈረንጅ መመለስ አለ። አንዱ ጣቱን ይቆጥራል፣ አንዱ አጎቱ ጋ ይደውላል፣ አንዱ ደስ ያለውን ጽፎ ይገላገላል። እኔ ግን የራሳችንን ዲቪ በሞላሁበት ዓመት ነገሩን አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ፈታሁት። ወሩ ጥቅምት ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ካላንደር የኛን 1994፣ የነሱን ደግሞ 2001 ይላል። ቀነስኩ፤ ሰባት። አለቀ። ቀንና ወሩን ከካላንደሩ እያየሁ፣ ዓመቱ ላይ ለራሴ ሰባት ደመርኩ፣ ለሚስቴ ሰባት፣ ለልጄ ሰባት። ዲቪውም ደረሰን። ዲቪ የደረሰው ሰው ደግሞ ተመልሶ ሂሳቡን አያጣራም፤ ሻንጣ ነው የሚገዛው።

ነገሩ የገባችሁ አሁን ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ነው። ላልገባችሁ ላስረዳ። ልዩነቱ ሰባት የሚሆነው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ድረስ ብቻ ነው። ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን ሲያከብሩ የነሱ ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ልዩነቱ ስምንት ነው። እኔ የጥቅምት ልጅ ስለሆንኩ ሰባቷ ልክ ነች። ሚስቴ ወይንሸት ግን የሚያዝያ ናት። አንድያ ልጃችን ሕሊና የተወለደችው የካቲት አቦ ለት ነው፣ በ1985። ሁለቱንም በገዛ እጄ አንዳንድ ዓመት አስረጅቻቸዋለሁ ማለት ነው። አሁን እንዲህ በቀላሉ ስነግራችሁ፣ ይህን ለማመን ዘጠኝ ዓመት እንደፈጀብኝ አትርሱ።

አልነገሩኝም አልልም። ነግረውኛል። ወይንሸት ገና አዲስ አበባ እያለን ፓስፖርቷን አይታ "አንድ ዓመት ጨምረህብኛል" ብላኝ ነበር። ሴት ልጅ ዕድሜዋን መቀነስ ትወዳለች ብዬ ሳቅሁባት፤ ያቺን ሳቅ እስከ ዛሬ እየከፈልኩባት ነው። ሕሊና ደግሞ ኮምፒውተር መነካካት እንደጀመረች አንድ ቀን ወረቀት አትማ መጣችና፣ በኛ ቀን አቆጣጠር የገባ ልደት በፈረንጅ ስንት እንደሚሆን የሚያወጣ ገጽ እንዳገኘች ነገረችኝ። በገጹ መሠረት የተወለደችው በ1993 ነው፤ ወረቀቷ ላይ ያለው ግን 1992 ነው። "ኮምፒውተሩ መዝገብ ቤት ሠርቷል?" አልኳት። አልሠራም። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ ብዬ ነበር።

እሷ ግን አልዘጋችውም። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 12 ኬክ ይመጣል። እኔ በወረቀቱ ልክ ሻማ እተክላለሁ። እሷ አንዷን ትነቅላለች። እኔ መልሼ እተክላለሁ። እንግዳው ሁሉ ቆሞ፣ መዝሙሩ ተጀምሮ፣ አባትና ልጅ በአንዲት ሻማ እንጓተታለን። አሥራ ስምንተኛዋን ሻማ በተከልኩባት ዓመት ግን አልነቀለችም። ዝም ብላ አየችኝና እፍ አለችው። አሸነፍኩ ብዬ ኬኩን ሁለቴ በላሁ።

ወጌን ከመቀጠሌ በፊት ስለ ቤታችን ትንሽ ላውራችሁ። አሌክሳንድሪያ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነው የምንኖረው፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የሕሊና። ማለቴ፣ በወረቀት የሕሊና። ጥቅምት በገባ ቁጥር አገር ቤት ላሉ ዘመዶች፣ ለዘመድ ጎረቤቶችና ለጎረቤት ዘመዶች በኢንተርኔት ዲቪ እሞላላቸዋለሁ። የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ የደረሰው ሁሉ ግን አሜሪካ ውስጥ የሚያውቀው እኔን ብቻ ነው። ኤርፖርት ሄጄ እቀበለዋለሁ፤ ሻትል ነጂ ነኝ፣ መንገዴ ነው። ከዚያ ወዴት ልወስደው ነው? እንግዳ ሶፋ ላይ አይተኛም። ስለዚህ "ለጊዜው" ሕሊና ክፍል ይገባል፣ ሕሊና "ለጊዜው" ሶፋ ላይ ትተኛለች። አንዱ ሥራ አግኝቶ ሲወጣ ሌላው ሻንጣውን እየጎተተ ይገባል። ቁምሳጥኑ የእንግዳ ስለሆነ የሷ ልብስ ከሶፋው ጀርባ ባለ ሻንጣ ውስጥ ነው። በዚያ ሰሞን የነበረው ይርጋ የሚባል የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ አንገቱን የደፋ፣ ሳህኑን የሚያጥብ፣ ሦስተኛ ወሩን የያዘ። ሁሉም ይመርቀኛል። ምርቃት ደግሞ ጆሮ ይደፍናል።

እንግዲህ ጁን ነው። ሕሊና ሃይስኩል ጨርሳ፣ ሜሪላንድ በኩል ኮሌጅ ተቀብሏታል። ከሥራ ስመለስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም ወረቀት ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ ቢጫ ቁራጭ ተለጥፎበታል። "አባዬ፣ ቼክ አድርግልኝ። ስህተት ካለው ንገረኝ" ይላል። ፎርም ነው ብዬ ደስ አለኝ። መነጽሬን አደረግሁ። ሊዝ ነው፤ የቤት ኪራይ ውል። ሕሊና ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜትሮ ባቡሩ አጠገብ፣ አፓርትመንት ለአንድ ዓመት ተከራይታ ሳይን አድርጋለች። ክው አልኩ።

መጀመሪያ ያደረግሁትን ልንገራችሁና ሳቁብኝ፤ ስህተት ፈለግሁ። አንድ የጎደለች ፊደል፣ አንድ የተረሳ ሳጥን ባገኝ ውሉን ዋጋ አሳጣዋለሁ ብዬ አሥራ ስድስቱን ገጽ ከላይ እስከ ታች አበጠርኩት። አንድም የለ። ፊደሉ ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማን አስተማራት? እኔ። የልደት ቀን በሚለው ቦታ፣ እኔ ባወጣሁላት መሠረት፣ ፌብሩዋሪ 12፣ 1992 ብላ አስፍራለች። ቆሽቴ አረረ።

ማታ እራት ላይ ጠቡ ተጀመረ። ገና ልጅ ነሽ አልኳት። ሲልቨር ስፕሪንግ የምን ቤት ነው፣ ቤት አጥተሽ ነው፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ሁሉንም በየተራ አወረድኩት። ይርጋ ሳህኑን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ወደ ክፍሏ ማለቴ ነው። ሕሊና እኔ በአማርኛ በጮህኩ ቁጥር በእንግሊዝኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትመልሳለች፤ ይሄ ነገሯ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። በመጨረሻ ግን ቋንቋውን ቀላቀለችው።

"አይ አም ኤይቲን፣ አባዬ። አንተ ነህ ያልከው።"

ወይንሸት ጎንበስ ብላ ሹሮዋን ትጠቀልላለች። የሷ ዝምታ ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። አንድ ያገሬ ልጅ ጠበቃ አለ፤ በላቸው ይባላል፤ ቢሮው ውስጥ የአውሮፕላን ትኬትም ይቆረጣል። አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጥኩ። ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ወደ ጎንደር የምትሄድበትን ቀን አራት ጊዜ ቀየረች። ተራዬ ሲደርስ ሊዙን ዘረጋሁለት። በላቸው ገጹን እንኳ አልገለጠም።

"ስንት ዓመቷ ነው?" አለኝ።

"አሥራ ስምንት ከአራት ወር።"

"እንግዲያው ምንም አይደረግም። አሥራ ስምንት ካልሞላች ማይነር ናት፤ ማይነር የፈረመው ውል አያስረውም፣ ልተወው ካለ ይተወዋል። አምስት ወር ቀድማ ፈርማ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ልጅህን ይዘህ ትገባ ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ናት፤ መርቀህ ሸኛት።"

ይህን ብሎኝ ሲያበቃ ለገና ወደ አገር ቤት የምሄድ ከሆነ ትኬት ካሁኑ እንድይዝ መከረኝ።

ቤልትዌይ ላይ ወጣሁ። እንደ ልማዱ ቆሟል። በቆመ መኪና ውስጥ ሰው ወይ ይጸልያል ወይ ይሳደባል፤ እኔ ሁለቱንም እያፈራረቅሁ ሳለሁ ያቺ ሻማ ትዝ አለችኝ። አሥራ ስምንተኛዋ። ያልነቀለቻት። የመጀመሪያው መውጫ ላይ ወጣሁና አንድ ነዳጅ ማደያ ቆሜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሂሳቡን እንደ ሰው በጣቴ ቆጠርኩት። የተወለደችበት ወር የካቲት። በዚያ ወር የኛ 1985 ነበር። ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን አክብረው ወር ከምናምን ሆኗቸዋል፤ የነሱ 1993 ገብቷል። ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት። ሦስተኛ ጊዜ ከግራ እጄ ጀመርኩ። ስምንት።

አሁን የኔን ነገር ተመልከቱ። ሃያ ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ውስጥ አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ከዚያ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው! ማይነር ናት! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ትክክል ነኝ" ስል ኖሬ፣ አሁን ልጄን ለማስቀረት ያለኝ መንገድ መሳሳቴን ማረጋገጥ ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለ ጣጣ ለጠላቴም አይስጠው።

ቤት ገብቼ ለወይንሸት ስነግራት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "እኔ አይደለሁም እንዴ የወለድኳት? መቼ እንደወለድኳት አላውቅም?" አለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ስላት፣ ዝም እንዳላለች፣ እኔ እንደሳቅሁ አስታወሰችኝ። ከዚያም የራሷን ጉዳይ አነሳች። እኔ የልጄን ዓመት ላስመልስ ስሯሯጥ የሷን ማን እንደሚመልስላት ጠየቀችኝ። እራት የቀረበልኝ ቀዝቅዞ ነው።

ቀጥሎ ማስረጃ ፍለጋ ነው። አሜሪካ ያለው የሕሊና ወረቀት ሁሉ፣ ከግሪን ካርዷ እስከ ቤተ መጻሕፍት ካርድ፣ 1992 ነው የሚለው፤ ሁሉም የተቀዳው ከኔው እጅ ነው። በራሴ ጽሑፍ ላይ ራሴ ልከራከር ነው። ያልነካሁት አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ የክርስትና ካርዷ። እሱም በልትስቪል በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት የክርስትና እናቷ እትዬ ዘውዴ ጋ ነው፤ ከአገር ቤት ሲመጡ በሻንጣቸው ይዘውልን መጥተው፣ "እናንተ ትጥሉታላችሁ" ብለው እዚያው ያስቀሩት።

እትዬ ዘውዴ ካርዱን ከማውጣታቸው በፊት ለምን እንደፈለግሁት መስማት አለባቸው። ነገርኳቸው። ደግሜ ንገረኝ አሉ። ደግሜ ነገርኳቸው። ከዚያ በግራ እጃቸው ካርዱን፣ በቀኝ እጃቸው ስልካቸውን ይዘው መጡ። እሳቸው ደጅ ጫማዬን ሳጠልቅ የመጀመሪያው ሰው ኮል አደረገኝ። ከሀያትስቪል ነው፣ አርባውን ያለፈ ሰውዬ። "ጋሼ፣ እኔ የግንቦት ነኝ፤ ለመሆኑ ስንት ዓመቴ ነው?" አለኝ። ከሱ ቀጥላ ሴቨን ኮርነርስ ልብስ የምትሸጥ ሴት ደወለች፤ የኔ ሰባት ያገኛት የሰኔ ልጅ ነች፤ ከወረቀቷ በአንድ ዓመት ማነሷን ስነግራት መርቃኝ ዘጋች። የተቀሩት ግን አልመረቁኝም። በሦስት ቀን ውስጥ በኔ እጅ የተሞላ ሰው ሁሉ የወሩን ስም እየጠራ ደወለ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተወለዱት ብቻ ናቸው ሰላም የሰጡኝ።

ካርዱን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሊዚንግ ኦፊስ፣ የኪራይ ቢሮው፣ ገባሁ። ሕሊናና ጓደኞቿ ቁልፍ ሊረከቡ ሦስት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ኃላፊዋ ሚስ ዶሎረስ የምትባል፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የማትቸኩል ሴት ናት። ልጄ ማይነር መሆኗን ነገርኳት። ኮምፒውተሯን አይታ አይደለችም አለች። ካርዱን አወጣሁ። በአማርኛ ነው። የተወለደችበት ቀን አልተጻፈበትም፤ የተጻፈው ክርስትና የተነሳችበት ቀን ነው፣ ሚያዝያ 25፣ 1985። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፣ ስለዚህ ከዚህ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ እንቁጠር አልኳት። ሚስ ዶሎረስ ወንድስ ቢሆን ብላ ጠየቀች። አርባ አልኳት። ለምን እንደሚለያይ ልትጠይቀኝ ነበር መሰለኝ፣ ተወችው። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር መሆኑን ስነግራት መነጽሯን አደረገች። በወረቀት ላይ አብረን ወደ ኋላ ስንቆጥር ስልኳ ሁለቴ ጮኾ አላነሳችውም። ደረስን። የካቲት 5። በነሱ ፌብሩዋሪ 12፣ 1993።

"ታዲያ ሌላውን ወረቀት ሁሉ ማን ነው የሞላው?" አለችኝ።

እስክሪብቶዬን ወደ ኪሴ መለስኩ። እኔ ነኝ አልኳት።

ሚስ ዶሎረስ ሕሊናን ደውላ ጠራቻት። ልጄ እዚያው አካባቢ የክረምት ሥራ ይዛ ነበርና ወዲያው መጣች። እኔን ስታይ አልደነገጠችም። ከጎኔ ተቀመጠች። ሚስ ዶሎረስ ከዚያ በኋላ ያለችው ነገር እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ በላቸው ትኬት ሲያስብ የዘለለው እሱን ነው።

"ማይነር ከሆነች ውሉን ማፍረስ ትችላለች። እሷ። አንተ አይደለህም። ሕጉ ምርጫውን የሰጠው ለልጅቷ እንጂ ለአባቷ አይደለም" አለችኝ።

ይህን ሁሉ መንገድ የተንከራተትኩት፣ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ የቆጠርኩት፣ በመንደሩ ሁሉ የተዋረድኩት ምርጫውን ለልጄ ላስረክባት ኖሯል።

ሚስ ዶሎረስ ገና አልጨረሰችም። መኖሪያ ለሰው የግድ አስፈላጊ ነገር ስለሆነ፣ ሌላ ማደሪያ የሌላት ልጅ ከሆነች ማይነር ስለሆነች ብቻ ከውሉ እንደማትለቃት ነገረችን። ማደሪያ ካላት ግን አታስቸግርም፤ ቤቱን ለመከራየት ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ እናንተ ቤት የራሷ ክፍል አላት ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አፌን ከፈትኩ። አላት እንጂ ልል ነው። ሕሊና ፊቷን ወደኔ አዞረች። እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል በአማርኛ ካናገረችኝ ስንት ጊዜ ሆኗታል። "ንገራት፣ አባዬ" አለች።

ያን ጊዜ የታየኝ ሻንጣዋ ነው። ከሶፋው ጀርባ ያለው። አሥር ዓመት ሆኗት ስንመጣ የያዘችው ያው ሻንጣ ነው፤ አንዱ ጎማው ወልቋል። እኔ አገር ሙሉ ሰው ኤርፖርት ተቀብዬ ሻንጣ ሳስፈታ፣ የልጄ እስካሁን አልተፈታም።

"ሶፋ አላት" አልኩ።

ሚስ ዶሎረስ ምንም አልጻፈችም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝ፤ ዝም ካልኩ እንደማለቅስ አውቄያለሁ።

"ተሳስቻለሁ" አልኳት ለልጄ።

"ምኑን?"

"ሰባቱን።" ካርዱን ከጠረጴዛው አነሳሁ። "ክፍሉንም።"

ሕሊና ሊዙን ወደሷ ሳበችው። ሁለቱ ጓደኞቿ በሷ ቦታ ሌላ ልጅ ማስገባት ይችሉ እንደሆነ ሚስ ዶሎረስን ጠየቀች፤ ይችላሉ። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር "እስከ ፌብሩዋሪ። እውነተኛው ፌብሩዋሪ" አለችና፣ ውሉን መተዋን የሚገልጽ አንድ መስመር ጽፋ ፈረመች። ጽሑፏ ያው ቀጥ ያለ ነው።

ያንኑ ቀን ይርጋን ይዤ ወደ በልትስቪል ሄድኩ። የእትዬ ዘውዴ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ፣ ባዶ ነበር፤ ይህን ሁሉ ወሬ አገር ካዳረሱ አይቀር አንድ እንግዳ ቢቀበሉ ምን ይላቸዋል? ተቀበሉት። ይርጋ መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ልጅቷ ክፍሉ የሷ መሆኑን አንድም ቀን አላስታወቀችውም ነበር። የሷ ልብስ ቁምሳጥን ሲገባ ወይንሸት በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። የሚቀጥለው ጥቅምት የዲቪ ጊዜ ሲደርስ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ደወሉ። ሞላሁላቸው፤ የልደት ቀኑን ግን ሕሊና ነች የምታየው፣ ኤርፖርት ለሚመጣም ማረፊያ አስቀድሜ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ወረቀቷንም ለማስተካከል ማመልከቻ ሞላሁ። "ስህተቱ እንዴት ተፈጠረ" የሚል ሳጥን አለው፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚሰጡት፤ ለኔ ጉድ መች ይበቃል። የወይንሸትንም አብሬ ሞላሁ፤ ከዚያ በኋላ እራት መሞቅ ጀመረ።

እዩት እንግዲህ፤ በሰባቷ ምክንያት ከልጄ ጋር አንድ ክረምትና አንድ በጋ ተጨመረልኝ። ማታ ማታ በሯ ተዘግቶ ከውስጥ ስትስቅ እሰማለሁ። በሯን አንኳኩቼ ነው የምገባው። መጀመሪያ ሰሞን ረስቼ ዘው ብዬ ገብቼ ነበር፤ በትህትና አስወጣችኝ።

ፌብሩዋሪ ደረሰ። ኬኩ ላይ አሥራ ስምንት ሻማ ተከልኩ፤ ለሁለተኛ ጊዜ። ሕሊና ቆጠረች። አንድም አልነቀለችም። በሳምንቱ በራሴ መኪና ሲልቨር ስፕሪንግ ወሰድኳት፤ ያው ሕንፃ፣ ያው ሚስ ዶሎረስ፣ አዲስ ሊዝ። አልተከራከርኩም። መንገድ ላይ ስለ ሜትሮ፣ ስለ በር መቆለፊያና ስለ ጋዝ ምድጃ ብዙ ብዙ አውርቻለሁ፤ ይህ ክርክር አይደለም። የቤቱ ሕግ ገና ሥራ ለጀመረ ልጅ አብሮ የሚፈርም ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ፎርም ሰጡኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ስሜን ጻፍኩ፣ አድራሻዬን ጻፍኩ፣ የዋሱ የልደት ቀን የሚለው ጋ ደረስኩ።

እጄ ቆመ። ስንት ሺህ ጊዜ የጻፍኩት ቀን ነው፤ በእንቅልፌ እጽፈዋለሁ። ሚስ ዶሎረስ መነጽሯን አድርጋ ትጠብቃለች። ወደ ልጄ ጎንበስ አልኩ።

"ሰባት ነው ስምንት?"

ሕሊና ቀና ብላ አየችኝ። በሕይወቴ ምንም ነገር ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

"ወሩ ምንድን ነው?"

"ጥቅምት።"

"ሰባት" አለች፣ እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ። "የራስህን ብቻ ነው ትክክል የሞላኸው፣ አባዬ።"

ጻፍኩ። እስክሪብቶውን ሰጠኋት። የሷን ራሷ ሞላች።